ከመሣሪያው ወደ ሕመምተኛው፦ የጨረር ሕክምና ሙያ ሥልጠናና የስያሜው ታሪክ

1. መግቢያ

አንድ ሙያ ለሕዝብ የሚተዋወቀው በስሙ ነው። ሠልጣኙ ምን ሊማር እንደመጣ፣ አሠሪው ምን ሊጠብቅበት እንደሚገባ፣ አገልግሎት ፈላጊውም ማንን ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚችል ስሙ አስቀድሞ ይጠቁማል። ስሙ ሥራውን ሳይገልጽ ሲቀር፣ ወይም ለሁለት የተለያዩ ባለሙያዎች ባንድነት ሲሰጥ፣ ችግሩ በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ተወስኖ አይቀርም፤ በትምህርት መርሐ ግብር፣ በሥራ መዘርዝር፣ በመጨረሻም በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ይታያል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ካንሰር የያዛቸውን ሰዎች በየዕለቱ ተቀብሎ በሕክምናው ጠረጴዛ ላይ የሚያስተኛውን፣ አካላቸውን በታቀደው ልክ የሚያስተካክለውን፣ ጨረሩን በታዘዘው መጠን የሚሰጠውንና እስኪፈጸም ድረስ በዐይኑ የሚከታተለውን ባለሙያ ስም ነው። ይህ ሰው ሕክምናውን የሚያዘው ሐኪም አይደለም፤ የጨረሩን መጠን የሚያሰላውና መሣሪያውን የሚለካው የፊዚክስ ባለሙያም አይደለም። ሦስተኛ ሰው ነው። ለዚህ ሦስተኛ ሰው የዓለም ቋንቋዎች ባለፉት አንድ መቶ ሠላሳ ዓመታት የሰጡት ስም ብዙና እርስ በርሱ የሚጋጭ በመሆኑ፣ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው ከየትኛው እንደሚነሣ ለመወሰን ይቸገራል። መፍትሔውን ከመሻታችን በፊት ሙያው እንዴት እንደተወለደና ሥልጠናው እንዴት እንዳደገ መመልከት ይገባናል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ስም በወጣበት ዘመን ከነበረው የሥልጠና ደረጃ ጋር የተቆራኘ ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

2. ኤክስ፣ ራጅ፣ ጨረር

ቪልሄልም ኮንራድ ሮንትገን በ1895 በጀርመን አገር በቩርዝቡርግ ከተማ አዲሱን ጨረር ባገኘ ጊዜ፣ ጠባዩ ገና ያልታወቀ ስለነበረ በሒሳብ ልማድ ያልታወቀን ነገር በሚያመለክተው ፊደል “ኤክስ” ብሎ ሰየመው። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ ባደረገው ንግግር መጨረሻ፣ የሥነ አካል ሊቅ የነበረው አልበርት ፎን ኮሊከር ጨረሩ በግኝቱ ባለቤት ስም እንዲጠራ ሐሳብ አቀረበ። ስለዚህ ጀርመንኛ እስከ ዛሬ የሮንትገን ጨረር ሲል፣ እንግሊዝኛ በፊደሉ ጸንቶ ቀረ።

ወደ እኛ የደረሰው ቃል “ራጅ” ነው። ድምፁ ለጣልያንኛው “ራጂ” ቅርብ ነው፤ ይኸውም በጣልያንኛ ጨረሮች ማለት ነው። ሕዝቡ ቃሉን ከተቀበለ በኋላ ግን በራሱ ሰዋስው አሠራው። እንደ ፎቶግራፍ ሁሉ “ራጅ ተነሣሁ” ይላል እንጂ ራጅ ተመታሁ ወይም በራጅ ታየሁ አይልም። ራጅ በአማርኛ ተናጋሪ አእምሮ ምስል ነው፤ ወጥቶ በእጅ የሚያዝ፣ ለሐኪም የሚታይ ነገር ነው። ካንሰርን ለማከም የሚሰጠውን ግን ያው ተናጋሪ “ጨረር” ብሎ ይጠራዋል፤ እንደ መድኃኒትም “ጨረር ወሰደ”፣ “ጨረር ታዘዘላት” ይላል። በዚህ ዐይነት ቋንቋችን ለምርመራ የሚውለውንና ለፈውስ የሚውለውን ያለ አንዳች ኮሚቴ ለይቶ አስቀምጧል። ይህን ልዩነት ልብ ማለት እንደሚጠቅም ወደፊት እናያለን፤ ምክንያቱም እንግሊዝኛ ሁለቱን ባለመለየቱ ብዙ ዘመን ተቸግሯል።

3. ሥልጠና ያልነበረበት ዘመን

ጨረሩ በተገኘ በዓመቱ፣ በ1896፣ ሌኦፖልድ ፍሮይንድ የተባለ የቪየና ሐኪም በአንዲት ልጅ ገላ ላይ የነበረውን ፀጉራም ምልክት በዚሁ ጨረር አከመ። በ1898 ደግሞ ማሪና ፒየር ኩሪ ራዲየምን አገኙ፤ “ራዲዮአክቲቭ” የሚለው ቃልም በዚያው ዓመት ከእነርሱ ወጣ። ሐኪሞች ሁለቱንም በፍጥነት ለሕክምና አዋሉ። መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ማን እንደሚሆን ግን የወሰነ አልነበረም። ኤሌክትሪክ የሚያውቅ፣ ፎቶግራፍ የሚያነሣ፣ በሆስፒታል ነርስነት የሚያገለግል፣ ለሐኪሙ የሚላላክ፣ ማንኛውም እጁ የቀና ሰው ይሠራበት ነበር። የመስተዋት ቱቦዎቹ ኀይላቸው ከቀን ወደ ቀን ስለሚለዋወጥ ሠራተኛው የጨረሩን ብርታት የሚፈትነው የገዛ እጁን በቱቦው ፊት ዘርግቶ አጥንቱ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚታይ በማየት ነበር።

የዚህ ልማድ ዋጋ ከባድ ሆነ። የቶማስ ኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ እጆቹ በጨረር ቆስለው ከተቆረጡ በኋላ በ1904 ሞተ፤ ኤዲሰንም የኤክስ ጨረር ምርምሩን ተወ። በ1936 በሐምቡርግ ከተማ በአንድ ሆስፒታል ግቢ በዚህ ሥራ ምክንያት ለሞቱት ሰዎች የመታሰቢያ ሐውልት ቆመ፤ በዚያን ጊዜ የተቀረጹበት ስሞች 169 ነበሩ። ከነዚህ መካከል ሐኪሞችና የፊዚክስ ሊቃውንት ብቻ ሳይሆኑ የመሣሪያ ሠራተኞችና ነርሶችም ይገኛሉ። ሐውልቱ ከኀዘን መታሰቢያነቱ ሌላ አንድ ታሪካዊ እውነት ይመሰክራል፤ ይኸውም ሙያው ስም ከማግኘቱ በፊት ሰማዕታት እንደነበሩት ነው።

ሥልጠና በተደራጀ መልክ የጀመረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው ለማለት ይቻላል። ማሪ ኩሪ ለጦር ሜዳ የሚሆኑ ተንቀሳቃሽ የራጅ መኪናዎችን ካደራጀች በኋላ፣ የሚሠራባቸው ሰው ስለጠፋ በፓሪስ ትምህርት ቤት ከፍታ 150 ያህል ሴቶችን አሠለጠነች። ትምህርቱ ስለ ኤሌክትሪክ፣ ስለ ጨረሩ ጠባይና ስለ ሰውነት አካል ነበር። ሠልጣኞቹም “ማኒፑላትሪስ” ተባሉ፤ ቃሉ እጅ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን በእጇ የምታንቀሳቅስ ማለት ነው። ፈረንሳይኛ ይህን ስም እስከ ዛሬ አልለቀቀም። በጨረር ሕክምና ክፍል የሚሠራው ሰው ከምርመራ ባልደረባው ጋር በአንድ ስም “ማኒፑላተር” ይባላል። ስሙ በጦርነት ጊዜ ለተፈለገው ፈጣን የእጅ ሥራ ተስማሚ ነበር፤ ከእጅ ያለፈውን ግን አይናገርም።

4. ድርሻው ሙያውን እንደወለደ

ከምርመራ የተለየ የጨረር ሕክምና ሙያ እንዲኖር ያስገደደው የመሣሪያ መሻሻል ብቻ አይደለም። ከሁሉም በላይ ያስገደደው አንድ የሥነ ሕይወት ግኝት ነው። በፓሪስ የራዲየም ተቋም ክሎዲዩስ ረጎ በእንስሳት ላይ ባደረገው ሙከራ፣ በአንድ ጊዜ የተሰጠ ብዙ ጨረር ቆዳን ክፉኛ ሳይጎዳ ሊፈጽመው ያልቻለውን፣ ያው ጨረር ተከፋፍሎ በተለያዩ ቀናት ሲሰጥ ሊፈጽመው እንደሚችል አረጋገጠ። የሥራ ባልደረባው አንሪ ኩታር በ1920ዎቹ ይህንኑ በጉሮሮ ካንሰር ሕሙማን ላይ በሥራ አዋለው። ከዚያ ወዲህ የጨረር ሕክምና በአንድ ቀን የሚያልቅ ድርጊት መሆኑ ቀርቶ ለሳምንታት የሚዘልቅ ምልልስ ሆነ።

የዚህን ለውጥ ትርጉም በሚገባ ማጤን ያስፈልጋል። ሐኪሙ ሕክምናውን አንድ ጊዜ ያዝዛል፤ የፊዚክስ ባለሙያው አንድ ጊዜ ያሰላል፤ ሕመምተኛው ግን በሳምንት አምስት ቀን፣ ለአምስትና ለስድስት ሳምንት ይመላለሳል። በየቀኑም በትናንትናው አኳኋን፣ በሚሊሜትር ስሕተት ሳይኖር፣ መተኛት አለበት። ይህን በየቀኑ የሚፈጽምለት ሰው ከሐኪሙ ይልቅ ደጋግሞ ያየዋል። ክብደቱ ሲቀንስ፣ ቆዳው ሲቀላ፣ መዋጥ ሲሳነው፣ ተስፋ ሲቆርጥ አስቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው። ስለዚህ የጨረሩ መከፋፈል ካንሰርን የማከሚያ ዘዴን ብቻ ሳይሆን፣ በመሣሪያውና በሕመምተኛው መካከል ዘወትር የሚቆም አንድ አዲስ ባለሙያ ወለደ። ስሙ ግን ቶሎ አልተወለደለትም።

5. ማኅበራት፣ ፈተናዎች፣ ማዕርጎች

በ1920 በሁለት አገሮች ሁለት ማኅበራት ቆሙ። በእንግሊዝ አገር የተቋቋመው የራዲዮግራፈሮች ማኅበር ሲመሠረት የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ተቋም እጅ ነበረበት። በአሜሪካ ደግሞ ኤድ ጀርማን የተባለው መምህር በቺካጎ የራዲዮሎጂ ቴክኒሺያኖችን ማኅበር አቋቋመ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሠራተኞችን እየፈተነ የሚመዘግብ ተቋም ተመሠረተ። በዚህ ዐይነት ሥልጠናው ከልምድ ወደ ፈተና፣ ከፈተናም ወደ ምስክር ወረቀት ተሸጋገረ።

ሁለቱ አገሮች የመረጧቸው ቃላት ግን የተለያዩ ነበሩ። “ራዲዮግራፈር” ማለት በቃሉ በጨረር የሚጽፍ ወይም የሚሥል ማለት ነው። ለራጅ አንሺው የሚስማማ ስም ነው። በሕክምናው ክፍል ያለው ሰው ግን የሚሥለው ነገር ሳይኖር በዚሁ ስም ታቀፈ፤ ኋላም ልዩነቱን ለማሳየት “ቴራፒዩቲክ” የሚል ቅጽል ተጨመረለት። እንግሊዞች በ1960 ባወጡት ሕግ ይህን ሙያ ከሌሎች ጋር “ለሕክምና ደጋፊ የሆኑ ሙያዎች” በሚል ርእስ መዘገቡት። ሥልጠናው በሆስፒታል ውስጥ ከሚሰጥ ዲፕሎማ ተነሥቶ በ1990ዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ሲያድግም ስሙ አልተለወጠም፤ ዛሬም በሕግ የተጠበቀ የሙያ መጠሪያ ነው።

አሜሪካኖች በበኩላቸው “ቴክኒሺያን” ከሚለው ተነሥተው በ1960ዎቹ “ቴክኖሎጂስት” ወደሚለው ተሻገሩ። በዚያው አሥርት ዓመት የጨረር ሕክምና ከምርመራ የተለየ የራሱ ፈተና ተበጀለት። በኋላም ቴክኖሎጂስት የሚለው ቀርቶ ባለሙያው “ራዲየሽን ቴራፒስት” ተባለ። ከ2015 ጀምሮ በመዝጋቢው ተቋም ለመፈተን ቢያንስ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ ያስፈልጋል። ከቴክኒሺያን ወደ ቴራፒስት የተደረገው ጉዞ በአንዳንዶች ዘንድ እንደ ባዶ የማዕርግ ፍለጋ ታይቷል። እኛ ግን የትምህርቱን ይዘት ስንመለከት ሌላ ነገር እናነብባለን። የሰውነት አካል ጥናት፣ የጨረር ፊዚክስ፣ የጨረር ሥነ ሕይወት፣ የደኅንነት ጥበቃ፣ የሕክምና ዕቅድ፣ የሕሙማን እንክብካቤ፣ በመጨረሻም በሆስፒታል ለብዙ መቶ ሰዓታት በኀላፊ ሥር የሚደረግ የተግባር ልምምድ የሥልጠናው አካል ሆነዋል። በእንግሊዝ አገር ከ2000ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ተማሪዎች እውነተኛ ሕመምተኛ ከመንካታቸው በፊት በኮምፒዩተር በተፈጠረ የሕክምና ክፍል ውስጥ መሣሪያውን እንዲለማመዱ ይደረጋል። ስሙ የተለወጠው ሥራው አስቀድሞ ስለተለወጠ ነው።

“ቴራፒስት” የሚለው ቃል ራሱ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን፣ በጥንቱ ፍቺው ማገልገል፣ አጠገብ ሆኖ መንከባከብ ማለት ነው። የማዕርግ ከፍታ የተፈለገበት ቃል በሥሩ የአገልጋይነት ቃል መሆኑ የቃላት ታሪክ ዘወትር ከሚያሳየን አስገራሚ ነገሮች አንዱ ነው።

6. የቃል ስሕተት ዋጋ

በ1951 በካናዳ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በኮባልት 60 ጨረር ታከሙ። በ1953 በለንደን በሐመርስሚዝ ሆስፒታል፣ በ1956 በአሜሪካ በስታንፎርድ፣ ሊኒየር አክስለሬተር የተባለው መሣሪያ በሥራ ላይ ዋለ። መሣሪያው እየረቀቀ ሲሄድ ሠራተኛውን የመሣሪያው ተቀጥላ አድርጎ የማየት ፈተናም አብሮ አደገ። የዚህን አደጋ ለማሳየት የታወቁ ሁለት ታሪኮችን እንጠቅሳለን።

የመጀመሪያው ቴራክ 25 የተባለው በኮምፒዩተር የሚመራ መሣሪያ ታሪክ ነው። ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሰዎች ከታዘዘላቸው እጅግ የበዛ ጨረር ተሰጣቸው፤ ከመካከላቸውም የሞቱ አሉ። በ1986 በቴክሳስ በሦስት ሳምንት ልዩነት ሁለት ሕሙማን ሲጎዱ፣ በመቈጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ የታየው ጽሑፍ “ብልሽት 54” የሚል ብቻ ነበር። ከመሣሪያው ጋር የመጣው ሰነድ ለዚህ ቍጥር የሰጠው ፍቺ ለሠራተኛው ምንም የማይነግር ነበር፤ ኋላ እንደታወቀው መልእክቱ የተሰጠው ጨረር ከልክ በላይ በዝቷል ወይም ከልክ በታች አንሷል ማለት ነበር። አንድ ቃል ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ሲያመለክት የቃላት ጥናት ባለሙያ ጕድለት ይለዋል፤ በዚያ ክፍል ግን የሞት ምክንያት ሆነ። መሣሪያው በየጊዜው ልዩ ልዩ የብልሽት መልእክት ማሳየቱ የተለመደ ስለነበር፣ “ቀጥል” የሚለውን ቍልፍ መጫን የሥራው ልማድ ሆኖ ነበር። ስሕተቱ የት እንዳለ የተደረሰበትም የሆስፒታሉ የፊዚክስ ባለሙያና መሣሪያውን ታንቀሳቅስ የነበረችው ሠራተኛ አብረው ተቀምጠው፣ እርሷ ያደረገችውን ቅደም ተከተል አስታውሳ በመድገሟ ነው። መሣሪያ አንቀሳቃሽ ተብላ የተጠራችው ሰው ለምርመራው ቍልፍ የሆነ ዕውቀት ነበራት።

ሁለተኛው ታሪክ በ1996 በኮስታ ሪካ ዋና ከተማ በሳን ሆሴ የደረሰው ነው። አዲስ የኮባልት ምንጭ ከተተከለ በኋላ በተደረገው ስሌት 0.3 ደቂቃ የሚለው ቍጥር 30 ሰከንድ ተብሎ ተወሰደ፤ ትክክለኛው ግን 18 ሰከንድ ነው። በዚህ ምክንያት 115 ሕሙማን ከታዘዘላቸው በላይ ጨረር ተሰጣቸው። ነገሩ የቍጥር ንባብ፣ ይኸውም የትርጒም ስሕተት ነው። አዲስ ምንጭ ከአሮጌው የበለጠ ብርቱ ስለሆነ የሕክምናው ጊዜ በግልጥ ማጠር እንዳለበት በትምህርቱ ያወቀ ሰው እንዲህ ያለውን ስሕተት ሊጠረጥር ይችላል። የተሰጠውን ቍጥር አስገብቶ ቍልፍ እንዲጫን ብቻ የሠለጠነ ሰው ግን ሊጠረጥር የሚችልበት መሠረት የለውም።

ከሁለቱ ታሪኮች የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። ከሐኪሙ ትእዛዝ እስከ ሕመምተኛው አካል ባለው መንገድ ላይ የመጨረሻው መከላከያ ይህ ሦስተኛ ሰው ነው። “አቁሙ” ለማለት የሚችለው፣ ለማለት የሚያበቃው ትምህርት ሲኖረውና ማለቱ የሥራው አካል መሆኑን ስሙ ሲነግረው ነው።

7. የብዙ ስሞች ገበያ

የዛሬዎቹን የአውሮፓ ቋንቋዎች ብንመለከት የሙያው ስም ገና አንድ መልክ አልያዘም። ፈረንሳይኛ በእጅ ሥራው ይጠራዋል፤ ጣልያንኛ ከምርመራ ባልደረባው ሳይለይ የራዲዮሎጂ ቴክኒክ ሠራተኛ ይለዋል። ጀርመንኛ ለረጅም ዘመን “የሕክምና ቴክኒክ ረዳት” ሲል ከቆየ በኋላ፣ በ2023 በሥራ ላይ በዋለ ሕግ ረዳት የሚለውን አስወግዶ ቴክኖሎጂስት አለው። በስዊድን በዚህ ሥራ ላይ የተሰማሩት ነርሶች ናቸው። ኖርዌይኛ ጨረር የሚለውን የገዛ ቃሉንና ቴራፒስት የሚለውን አጣምሮ “ስትሮለተራፖይት” ብሏል።

ይህን ልዩነት ለማስታረቅ የአውሮፓ የጨረር ሕክምና ማኅበርና ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኀይል ድርጅት “አር.ቲ.ቲ.” የሚለውን ምሕፃረ ቃል ይጠቀማሉ። የአውሮፓው ማኅበር የመጀመሪያውን የጋራ የሥልጠና መርሐ ትምህርት በ1995 ሲያወጣ፣ ዓለም አቀፉ ድርጅት በ2005 የሥልጠና መርሐ ትምህርት፣ በ2014 ደግሞ የማሠልጠኛ መምሪያ አሳትሟል። በምሕፃሩ ውስጥ ያለው ሁለተኛው “ቲ” የትኛውን ቃል እንደሚወክል ሰው ሁሉ በአንድ ቃል አይመልስም። ሁሉም የየራሱን መጠሪያ እንደያዘ የሚስማማበት ጥላ እንጂ ስም አይደለም። ምሕፃረ ቃል ለሰነድ ይጠቅማል፤ ሕመምተኛ ግን በምሕፃረ ቃል ሰው አይጠራም።

ለተርጓሚ ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ሌላ ነው። በእንግሊዝ አገር በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ “ራዲዮቴራፒስት” ሲባል ሐኪሙ ማለት ነበር። በፈረንሳይኛም “ራዲዮቴራፔት” ዛሬም ሐኪሙ ነው። በአሜሪካ ግን “ራዲየሽን ቴራፒስት” ሐኪም ያልሆነው ሦስተኛው ሰው ነው። ሁለቱ ቃላት ወደ ግእዝ ፊደል ሲመለሱ በጆሮ እጅግ ይቀራረባሉ። ከለንደን የቆየ መጽሐፍና ከአሜሪካ አዲስ መመሪያ እየጠቀሰ “ራዲዮቴራፒስት” ብሎ የሚተረጉም ሰው፣ በአንዱ ገጽ ሕክምናን የማዘዝ ሥልጣን ያለውን ሐኪም፣ በሌላው ገጽ የታዘዘውን የሚፈጽመውን ባለሙያ በአንድ ስም ይጠራል። በሥራ መዘርዝርና በፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ላይ እንዲህ ያለው መምታታት የሚያደርሰውን ጉዳት ማስረዳት አያስፈልግም።

8. ወደ አማርኛ

በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና በ1997 በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት መሣሪያ ተጀመረ። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ ሌላ ማእከል ስላልነበረ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጡ ሕሙማን ተራ እስኪደርሳቸው ለወራት ይጠብቁ ነበር። የኮባልት ብርታት በአምስት ዓመት ከጥቂት ወር በእኩሌታ ስለሚቀንስ፣ ምንጩ ባረጀ መጠን እያንዳንዱ ሕመምተኛ በጠረጴዛው ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፤ የተራው ሰልፍም እንዲሁ። በቅርብ ዓመታት ሊኒየር አክስለሬተሮች በአዲስ አበባና እንደ ጅማ ባሉ ሌሎች ከተሞች መተከል ጀምረዋል። መሣሪያ በበዛ ቍጥር የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል፤ የሚሠለጥን ሰው ሲበዛም የመማሪያና የማስረጃ ጽሑፍ በአማርኛ መጻፉ የማይቀር ነው። ስለዚህ የስያሜው ጉዳይ ለነገ የሚባል አይደለም።

በመጀመሪያ “ጨረር” የሚለውን መሠረት ማጽናት ይገባል። ቃሉ የራሳችን ነው፤ ሕዝቡ ለሕክምናው ተቀብሎታል። በመንግሥት ሰነዶች “የጨረራ መከላከያ” ሲባል እንደምናየው፣ “ጨረራ” ለጠቅላላው ክሥተት፣ “ጨረር” ለሚወጣውና ለሚያርፈው ነገር ቢመደብ መልካም ነው። የበሽታውን ስም በሚመለከት “ነቀርሳ” ጥንታዊና ያማረ ቃል ቢሆንም፣ “የሳንባ ነቀርሳ” በሕዝብ አነጋገር ሌላ በሽታ፣ ይኸውም ቲቢ ስለሆነ፣ በሕክምና ጽሑፍ “ካንሰር” የሚለውን መያዝ ከአደገኛ ስሕተት ያድናል።

ወደ ባለሙያው ስም ስንመጣ በፊታችን አምስት አማራጮች አሉ። “የጨረር ቴክኒሺያን” የሚለው ቀላልና የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የመሣሪያ ጥገና ባለሙያውንም ያስባል፤ ሕመምተኛውንም ከስሙ ያወጣዋል። “ራዲዮቴራፒስት” የሚለውን ከላይ ባሳየነው ምክንያት መተው ይሻላል። “የጨረር ሕክምና ባለሙያ” የሚለው በአሁኑ ጊዜ በብዛት ይሠራበታል፤ ጕድለቱ ሐኪሙም፣ የፊዚክስ ሰውም፣ ነርሷም የጨረር ሕክምና ባለሙያዎች መሆናቸው ነው። ስሙ የቡድኑ እንጂ የአንዱ አይደለም። “አስታማሚ” የሚለው ከግሪክኛው ቃል ጥንታዊ ፍቺ ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው፤ ይሁን እንጂ በአገራችን ሆስፒታል አስታማሚ ማለት ስንቅ ይዞ ከሕመምተኛው አጠገብ የሚያድር ዘመድ ነው። የተያዘን ስም ከባለቤቱ መንጠቅ አይገባም።

አምስተኛው “ጨረር አካሚ” የሚለው ነው፤ እኛም ለዚህ እናደላለን። ቃሉ አከመ ከሚለው ግሥ የወጣ የአድራጊ ስም ሲሆን ድርጊቱን በእጁ የሚፈጽመውን ሰው ያመለክታል። ኖርዌይኛ ካደረገው ጋር ይመሳሰላል፤ የምርመራው ባልደረባ ደግሞ በሕዝቡ ልማድ “ራጅ አንሺ” ሆኖ ይለይለታል። በዚህ መንገድ እንግሊዝኛ ቅጽል ጨምሮ ለመለየት የተቸገረበትን አማርኛ በሁለት ግሦች፣ ማንሣትና ማከም በሚሉት፣ ያለ ድካም ይለየዋል። “አካሚ ማለት ሐኪም ማለት አይደለምን?” የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በእርግጥ ሁለቱ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ሆኖም ሐኪም በአማርኛ የጸና የማዕርግ ስም ሲሆን፣ አካሚ ግን የአድራጊነትን ፍቺ እንደያዘ ነው፤ ሴማዊው ሥር በዐረብኛና በዕብራይስጥ የያዘው የጥበብ ፍቺም ለሁለቱም ይገባል። ሐኪሙን “የጨረር ሕክምና ሐኪም” ብለን ሙሉ ስሙን ከሰጠነው መምታታት አይኖርም።

ለውይይት የሚሆኑ ተዛማጅ ቃላትን ከአጭር ብያኔ ጋር ቀጥለን እናቀርባለን።

ጨረር አካሚ፦ ሕመምተኛውን በታቀደው አኳኋን አስተካክሎ የታዘዘውን ጨረር የሚሰጥ፣ ሁኔታውን በየዕለቱ የሚከታተል፣ ጥርጣሬ ሲገባው ሕክምናውን የሚያቆም ባለሙያ።

የጨረር ሕክምና ሐኪም፦ በጨረር ለማከም የሚወስን፣ የሚታከመውን ስፍራና የጨረሩን መጠን የሚያዝ ሐኪም።

የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ፦ መሣሪያውን የሚለካና የጨረር ስሌቱን ትክክለኛነት የሚያረጋግጥ ባለሙያ።

ልክ መውሰድ፦ ከሕክምናው በፊት የሕመምተኛውን አተኛኘትና የሚታከመውን ስፍራ በምስል መወሰን። ልብስ ሰፊ እንደሚያደርገው ሁሉ ቀድሞ የሚፈጸም ሥራ ስለሆነ ቃሉ ለሕመምተኛውም ግልጽ ነው።

ማርጊያ፦ አካልን በአንድ አኳኋን አርግቶ የሚይዝ መሣሪያ፤ ለምሳሌ ለራስና ለአንገት ሕክምና የሚሠራው ጭምብል።

ድርሻ፦ ተከፋፍሎ ከሚሰጠው ጠቅላላ ጨረር በአንድ ጊዜ የሚሰጠው። በ2020 በእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት ለአንዳንድ የጡት ካንሰር ሕሙማን በ15 ድርሻ ይሰጥ የነበረው በ5 ድርሻ ሊሰጥ እንደሚችል ስላሳየ፣ የቃሉ በትክክል መለየት የበለጠ አስፈላጊ ሆኗል። የድርሻው ቍጥር ሲያንስ የእያንዳንዱ መጠን ይበዛልና።

የታዘዘ መጠንና የተሰጠ መጠን፦ በሐኪሙ የተወሰነውና በእርግጥ በአካል ላይ ያረፈው ጨረር። ሁለቱ እኩል መሆን ቢገባቸውም አንድ አይደሉም፤ በጽሑፍ ላይ “መጠን” ብቻ ብሎ መተው አይገባም።

9. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው የዚህ ሙያ ስሞች የወጡት ከእጅ፣ ከሥዕል፣ ከመሣሪያና ከረዳትነት ነው። ሥልጠናው ባደገ ቍጥር ስሞቹ ቀስ በቀስ ከመሣሪያው ወደ ሕመምተኛው ሲዞሩ አይተናል፤ መዞሩም ገና በብዙ ቋንቋዎች አልተፈጸመም። አማርኛ በዚህ ጉዳይ ዘግይቶ መምጣቱ ለጥቅሙ ሊሆን ይችላል። ሌሎች የተመለሱበትን መንገድ ሁሉ መሄድ ሳያስፈልገው ከደረሱበት ሊነሣ ይችላልና።

የመጨረሻው ውሳኔ የሕክምና ባለሙያዎች፣ የቋንቋ ሊቃውንትና በሥራው ላይ ያሉት ሰዎች በጋራ የሚመክሩበት ነው። በተለይ በየዕለቱ በጠረጴዛው አጠገብ የሚቆሙት ባለሙያዎች ምን ተብለው መጠራት እንደሚሹ፣ ሕሙማኑም በምን ስም እንደሚጠሯቸው ሳይጠየቅ ስም ቢወጣ ሥር አይሰድድም። የምንመርጠው ቃል የትኛውም ይሁን፣ በአንድ ሰነድ ውስጥ ለአንድ ሰው አንድ ስም ብቻ እንዲሰጥ፣ በሐኪሙና በአካሚው መካከል ያለው የኀላፊነት ድንበርም በቃሉ እንዲታይ ተርጓሚዎችን አደራ እንላለን።